ሰም የሆነ ሰው

በቅኔ ቤት ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ሲወጣ ለሰሙ የሚያዝን የለም። ሰሙ ሕያው ሰው የሆነ እንደ ሆነስ?

የግሪኩ ባለቅኔ ኤስኪሉስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ458 ዓመት በአቴና ያሳየው ተውኔት፥ አባቱን የገደለች እናቱን ስለ ገደለው ስለ ኦሬስጤስ ይናገራል፤ የደሙም በቀል በመጨረሻ በዳኞች ሸንጎ ይቆማል። ጣሊያናዊው ፓዞሊኒ ይህን በአፍሪካ በፊልም ሊሠራው አስቦ፥ በታንዛኒያና በዩጋንዳ የመንገደኛውን ፊት እያነሣ ዞረ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣውም ሥራ ፍጹም ፊልም ሳይሆን የውጥኑ ማስታወሻ ነው። የበቀልን አማልክት በዛፎች መሰላቸው፤ ይህስ መልካም ነው፥ ዛፍ በምሳሌ አይበደልምና። የትሮያን ጦርነት ግን በቢያፍራ ጦርነት በተነሣ እውነተኛ ፊልም መሰለው። እነዚያ ሰዎች የሞቱት በገዛ ጦርነታቸው ነበር፤ ለአጋሜምኖን ሬሳ ይሆኑ ዘንድ ማን ጠየቃቸው?

በደቡብ ኦሞም ለዚህ የቀረበ ነገር ሆኗል። አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የአሸዋ ወንዞች» ተውኔት ባይሆንም፥ ስለ ወንድና ሴት ያለውን የገዛ ሐሳቡን በሐመር ሴቶች በተገረፈ ጀርባ ላይ ይጽፋል። ነገር ግን በዚያ ኦማሊ ኢንዳ የምትባል ሴት በቋንቋዋ ስለ ኑሮዋ ትናገራለች፤ ሰሙ አፍ አውጥቷል። ይህም ቢሆን ከሐመር ጋራ የኖሩት ዣን ላይዳልና ኢቮ ስትሬከር ፊልሙን ነቅፈውታል። በእርግጥም ተናጋሪው ሌላ፥ ንግግሩን ቆርጦ የሚቀጥለው ሌላ ነው።

ዛሬ ከጂንካ ወደ ዲመካ ገበያ የሚወርድ እንግዳ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ዋጋ ይጠየቃል፤ «ፊታቸውን ሸጡ» እያለም ያጉረመርማል። ሴቲቱ የሸጠችው ግን የቅጽበት መታየትን ነው፤ ለሌላ ነገር ምሳሌ ሆና ለመቅረት አልተዋዋለችም።