በግድ ስለ ፈሰሰ ደም

ሰው ከቶ ስላልተደረገ ነገር ማዘን ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በአሜሪካ አገር ያደገ የእኅቴ ልጅ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያለፈ፥ ትዳር የያዘ፥ በሥራውም የተመሰገነ ሰው ነው፤ ዳሩ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሱፐርማን የሚባለውን በሥዕልና በአጭር ንግግር የሚጻፍ ተረት ሲያነብ ኖሯል። የስሙም ትርጓሜ ከሰው በላይ የሆነ ሰው ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ በ2013 ስለ ወጣው ስለዚሁ ሰው ሲኒማ አጫወተኝ። (ቍጥሩ እንዳይቀላቀል ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሲኒማውን ሊያይ ገብቶ ወደ ፍጻሜው በደረሰ ጊዜ ተነሥቶ እንደ ወጣ፥ ነገሩም እስከ ዛሬ እንደሚቈጨው ነገረኝ። እኔም በልቤ ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቄ ተመልሶ ራሴን ከሰሰኝ፤ እንዴት እንደ ከሰሰኝም እነግራችኋለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ልናገር። ሱፐርማንን በ1938 ያወጡት በክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የአይሁድ ወጣቶች ናቸው፤ መብቱንም ለአሳታሚ በ130 ዶላር ሸጡት። (ይህ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው፤ ዛሬ ግን አልገባበትም።) ክሪፕቶን የምትባል ዓለም ልትጠፋ ስትል አባት ሕፃን ልጁን በመርከብ አኑሮ ወደ ምድር ሰደደው፤ በካንሳስ ገበሬዎች አግኝተው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ይበራል፤ ጥይት አይበሳውም፤ ተራራ ቢገፋ ይገፋለታል። ከሣጥን ተኝቶ በወንዝ ላይ የተጣለውን ሕፃን የሚያውቅ ሰው ይህ ተረት ከወዴት እንደ ተቀዳ ለመገመት አይቸገርም። አሳታሚዎቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሥርዐት አኖሩለት፤ ሱፐርማን ነፍስ አይገድልም።

ዛክ ስናይደር ያዘጋጀው፥ «ማን ኦቭ ስቲል» ይኸውም የብረት ሰው የተባለው የ2013 ሲኒማ ይህን ሥርዐት አፈረሰው። ዞድ የሚባል የክሪፕቶን የጦር አለቃ ወደ ምድር ይመጣል፤ በሁለቱ ጠብ ታላቂቱ ከተማ ትፈርሳለች። በመጨረሻ ሱፐርማን ዞድን ከኋላው አንገቱን አንቆ ይዞት ሳለ፥ ዞድ ከዐይኑ በሚወጣው እሳት አንድን ቤተ ሰብ ሊያቃጥል ይቃረባል። ሱፐርማን ለመነው፤ እንቢ አለ። ያን ጊዜ አንገቱን ሰበረው፤ ሰብሮም ጮኸ፤ ተንበረከከም።

ወደዚህ ሲደርስ የእኅቴ ልጅ ድምፁ ተለወጠ። እርሱ ብቻም አይደለም፤ በልጅነቱ የ1978ቱን የሱፐርማን ሲኒማ አይቶ ኋላ ራሱ ከተረቱ ደራስያን አንዱ የሆነው ማርክ ዌይድ በዚሁ ሞት ማዘኑን ጽፎ አስነብቧል። እኔ ግን እንደ ልማዳችን «ልጄ፥ ግድ ነበር፤ ንጹሓን ከሚቃጠሉ እርሱ ቢሞት ይሻላል» አልሁት።

እርሱም «አጎቴ፥ ግዱን የፈጠረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎም አስረዳኝ። በመጀመሪያ በታሰበው ፍጻሜ ዞድ እንደ ባልንጀሮቹ ከዚህ ዓለም ውጭ ወዳለው ግዞት ተወርውሮ ይቀር ነበር። ስናይደርና ጸሐፊው ዴቪድ ጎየር ይሙት አሉ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ክሪስቶፈር ኖላን ተቃወማቸው፤ ሁለቱም ያን ቤተ ሰብ አምጥተው ከግድግዳው ሥር አቆሙት፤ እርሱም እሺ አለ። ይህንንም ራሳቸው ተናግረውታል። እንግዲህ መንገዱን የዘጉት እነርሱ ናቸው፤ ከዘጉም በኋላ መንገድ አልነበረም አሉ።

በዚህ ጊዜ ዝም አልሁ። እኛስ «ግድ ሆነብኝ» የምንለው ስንት ጊዜ ነው? የመጨረሻዪቱን ሰዓት ብቻ ለይተን ካየናት በእውነት ሌላ በር የላትም፤ ትናንትናንና ከትናንት በስቲያን ብንመረምር ግን በሮቹን አንድ በአንድ የዘጋ እጅ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም የገዛ እጃችን ነው።

ስለ ተረት ማዘኑንም ከዚያ በኋላ አልነቀፍሁበትም። አንድ ሠዓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ፈንታ በበቅሎ ላይ አስቀምጦ ቢሥለው ምእመናኑ ዝም ብለው የሚያልፉ ይመስላችኋልን? (ማነጻጸሬ ስለ ሥርዐቱ ነው እንጂ ስለ ክብሩ አይደለም፤ ተረት ተረት ነው፥ ሰማዕትም ሰማዕት ነው።) ሰው በልጅነቱ ኀያል ሆኖ የማይገድል ሰው መኖሩን ከተማረ፥ ያ ትምህርት ሲፈርስበት የሚፈርሰው ወረቀት ብቻ አይደለም።

የቅኔ ተማሪ እንደ መሆኔ ከሁሉ የቈረቈረኝ ሌላ ነው። ሲኒማው ሱፐርማንን ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ያደርገዋል፤ ራሱን ለጠላት አሳልፎ ከመስጠቱ በፊትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ካህን ሲያማክር፥ በስተኋላው በመስተዋቱ ላይ ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ተሥሎ ይታያል። ሲኒማውን ያወጣው ኩባንያም ለአሜሪካ ሰባክያን ኢየሱስን ከሱፐርማን ጋር የሚያነጻጽር የስብከት ጽሑፍ አዘጋጅቶ አደለ። እንግዲህ ሰሙ ሱፐርማን፥ ወርቁ ክርስቶስ መሆኑ ነው። በቅኔ ቤት ግን መምህሩ አስቀድሞ የሚመረምረው ሰሙ ወርቁን መሸከም መቻሉን ነው። ወርቁ ጠላቱን ይቅር ብሎ ሲሞት ሰሙ የጠላቱን አንገት ሰብሮ የሚድን ከሆነ፥ የእኔ መምህር ቢሆኑ «ሰምህ ቀለጠ» ብለው ተማሪውን ወደ ቦታው ይመልሱት ነበር። ጌቴሴማኒን ያሳየ ሲኒማ ሰይፉ ወደ ሰገባው እንዲመለስ የታዘዘውም እዚያው መሆኑን እንዴት ረሳ?

እስከዚህ ከልጁ ጋር ነኝ። ከዚህ ወዲያ ግን እለየዋለሁ። ሱፐርማን ፈጽሞ አይገድልም ማለቱ ከገዛ መጻሕፍቱ ጋር አያስማማውምና፤ ይህንም ያሳየኝ፥ ቅን ልጅ ነውና፥ እርሱው ራሱ ነው። በ1986 አለን ሙር በጻፈው ታሪክ ሱፐርማን ክፉ ጠላቱን ይገድላል፤ ወዲያውም ማንም የመግደል መብት የለውም ብሎ ኀይሉን በፈቃዱ ያጠፋና ስሙን ለውጦ እንደ ተራ ሰው ይኖራል። በ1988 ጆን በርን በጻፈውም፥ የአንዲት ዓለምን ሕዝብ በሙሉ የፈጁ ሦስት ወንጀለኞችን፥ ከእነርሱም አንዱ ይኸው ዞድ ነው፥ ፈርዶ ይገድላቸዋል። ያ ፍርድ ግን አእምሮውን አናወጠው፤ ኋላም ለሰው እንዳልጎዳ ብሎ ምድርን ትቶ ብቻውን በከዋክብት መካከል ተሰደደ። በዚያ የሥዕል መጽሐፍ የተሠራው ምንድን ነው? የቄስ ስም ሳይጠራ ቀኖና ነው።

ሙሴ ግብጻዊው ዕብራዊውን ሲመታ አይቶ ግብጻዊውን ገደለ። የተጠቃውን ለማዳን ነው፤ ሲኒማው ካሳየን ነገር ብዙም አይርቅም። ከዚያ በኋላ ግን የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን አርባ ዓመት በምድያም ተቀመጠ፤ ሐመልማሉን ነበልባል ሲዋሐደው ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የሸሸው ፈርዖንን ፈርቶ ነው እንጂ ንስሐ ሊገባ አይደለም የሚል ሊቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። እርሱ በፍርሃት ቢሄድም፥ እግዚአብሔር የመታችውን እጅ አርባ ዓመት በግ ሲያስጠብቃት ቈየ። ልበ አምላክ ዳዊትስ ጦርነቱ በእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ሳለ፥ ደም አፍስሰሃልና ቤቴን አትሠራም ተብሎ የለምን? ታላቁ ባስልዮስ ዘቂሣርያም አባቶች በጦርነት የገደለውን እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቈጠሩትም ካለ በኋላ፥ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢከለከሉ መልካም ነው ሲል መክሯል። ልብ በሉ፤ ግድነቱን አልካደም፤ በደለኛ ናችሁም ብሎ አልፈረደባቸውም፤ ሦስት ዓመት ግን ሰጣቸው።

በሲኒማው ግን ከጩኸቱ ቀጥሎ የሚታየው ሱፐርማን የሚከታተለውን ሰው አልባ አውሮፕላን ከጄኔራሉ ፊት ጥሎ ሲቀልድ፥ አንዲት የጦር መኰንንም በመልኩ ተደንቃ ፈገግ ስትል ነው። ከጩኸት እስከ ፈገግታ ያለው ርቀት ጥቂት ቅጽበት ነው! ስናይደር ይህ ሞት ከእንግዲህ ወዲያ ላለመግደሉ ምክንያት ይሆነዋል ሲል ተከራክሯል፤ በ2016 ባወጣው ተከታይ ሲኒማም የፈረሰችው ከተማ ሙታን ይታሰባሉ። ይህን በመልካም እቈጥርለታለሁ። የዚያች የአንዲቱ አንገት ነገር ግን ሳትታዘን ቀረች። እኔ የምከሰው ገደለ ብዬ አይደለም፤ ምድያም አልወረደም ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ እየተናገርሁ ሳለሁ ቃሌ በአፌ ላይ ቆመ። ከ2020 እስከ 2022 በአገራችን ሰሜን ከተደረገው ጦርነት የተመለሰ፥ ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ የቈጠረ አንድ ወጣት ትዝ አለኝ። ንስሐ አባቱ አይደለሁም፤ እንደ መምህሩ ሊያማክረኝ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ አንድ ሰው አወራኝ፤ ፊት ለፊት ስላየው ሰው። እኔም ነገሩን ሳይፈጽም «አይዞህ ልጄ፥ ግድ ነበር» አልሁትና ስለ ቀድሞ ጓደኞቹ፥ ማን እንደ ቀሰሰና ማን እንዳገባ፥ እያነሣሁ አሣቅሁት። ሣቀም። እጄን ስሞ ሄደ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም ነበር።

የእኅቴ ልጅ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ያን የ1988ቱን መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። እኔም በዚያ ወጣት መንደር ለሚኖር ዘመዱ፥ መምህርህ ይፈልግሃል ብሎ እንዲነግርልኝ ላክሁበት። እስከ ዛሬ አልመጣም።