ስለ መልሕቅና ስለ ጎረቤት

ሰው ራሱን ለማዳን ባደረገው ነገር ሌላው ቢጎዳ ይጠየቅበታልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሽምግልና የተቀመጥንበት ነገር ነው። አንድ ባለቤት የክረምቱ ጎርፍ እንዳይገባበት በደጃፉ የድንጋይ ግንብ ሠራ፤ ውኃውም ዞሮ ከበታቹ ወዳለችው መበለት ቤት ገባ። «እኔ ቤቴን ጠበቅሁ እንጂ ማንንም አልነካሁም» አለን። ቃሉም ሐሰት አልነበረም።

እኛ ደገኞች መልሕቅን በንባብ እንጂ በዓይን አናውቀውም። መርከበኞች እንደሚያስረዱት ግን መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ ሲስበው ነው። ስለዚህም የሰንሰለቱ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ይሆናል። በረዘመ መጠንም መርከቡ ነፋስ በተለወጠ ቁጥር በሰፊ ክበብ ይዞራል። እንግዲህ ወደቡ በተጨናነቀ ጊዜ ጭንቁ ይህ ነው፤ ሰንሰለቱን ቢያሳጥር መልሕቁ ይለቅበታል፤ ቢያስረዝመው ከጎረቤቱ ይጋጫል። በባሕር ሰዎች ዘንድም ኋላ የመጣው ቀድሞ ከቆመው እንዲርቅ፣ ስፍራ ባያገኝም ሌላ እንዲፈልግ የቆየ ሥርዓት አለ።

የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. «ሩቢማር» የተባለች የጭነት መርከብ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ በሚሳይል ተመታች። መርከበኞቿ መልሕቅ ጥለው ወጡ፤ በሕይወትም ተረፉ። መርከቢቱ ግን መልሕቋን እየጎተተች ሄደች፤ በባሕር ሥር የተዘረጉ 3 የመገናኛ ገመዶች የተበጠሱትም በዚሁ መልሕቅ እንደ ሆነ ይታመናል። የካቲት 23 ቀን ሰጠመች። (ስሙን ሽቦ ከሌለው መልእክት ያገኘው የንፋስ ስልክ ሰፈር እንኳ ዛሬ ከውጭ አገር ጋር የሚነጋገረው በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ገመድ ነው።) በእሳት መካከል ሆነው ነፍሳቸውን ያዳኑትን ሰዎች እኔ አልወቅሳቸውም፤ ከሥራቸው ያለውን ገመድ አላዩምና። ባለ ግንቡ ግን ቁልቁለቱን ያውቅ ነበር፤ መበለቲቱንም በየማለዳው ሰላም ይላታል።

ከዚህም የከፋ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከበኞቹ ዓለት ፈርተው በስተኋላ 4 መልሕቅ ጣሉ፤ ቀጥሎም ከፊት ደግሞ የሚጥሉ መስለው ታንኳ አወረዱ፤ አሳባቸው ግን 276 ነፍስ ባለበት መርከብ ሌላውን ትቶ መሸሽ ነበር። ጥንቃቄ የመሰለው ነገር ክዳት ሆኖ ተገኘ። ይኸው ሐዋርያ ሳይሆን አይቀርም፣ በዕብራውያን መልእክት ተስፋችንን ከመጋረጃው ውስጥ በገባ መልሕቅ የመሰለው። ያ መልሕቅ ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢረዝም የማንንም ስፍራ አያጠብም፤ የግንብና የድንጋይ መልሕቃችን ግን ሁልጊዜ ከሰው ደጅ ያርፋል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ነገርነው። ግንቡን አላፈረሰም፤ እኛም አፍርስ አላልነውም። ከሥሩ ቦይ ከፍቶ ውኃውን ወደ መንገዱ መውረጃ መራው። የመበለቲቱን ወለል ግን እስካሁን አላደሰላትም፤ ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ እንደገና እንቀመጣለን።