ደብር ማለት ተራራ ነው

ምእመናን ሆይ! «ደብራችን» ስንል ምን እያልን እንደሆነ ልብ ብለነዋል? ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ ገዳምም ዱር፣ ምድረ በዳ። የቦታው ስም የጸሎት ቤቱ ስም ሆኖ ቀረ።

እስቲ ደብረ ዳሞን አስቡ። ዙሪያው ገደል፣ መውጫው 15 ሜትር ያህል ገመድ ነው። አቡነ አረጋዊን ዘንዶ እንዳወጣቸው ገድላቸው ይናገራል። ዛሬም ወንዶች በገመድ ተንጠልጥለው ይወጣሉ፤ እናቶችና እኅቶች ደግሞ ከሥር ሆነው ይሳለማሉ። ጓዝ ያበዛ ሰው እዚያ አይሆንለትም።

እኛ ከተሜዎቹስ? ታክሲው በር ላይ ያወርደናል። ለደካማ እናቶቻችን መልካም ነው፤ እኛ ግን ሐሳባችን ገና ገበያ እያለ ቅዳሴ ውስጥ እንገኛለን። የዐቢይ ጾም እኩሌታ ደብረ ዘይት ነው፤ እርሱም ተራራ። ጉልበት ያላችሁ፣ በዚያች እሑድ ከታክሲው ቀደም ብላችሁ ውረዱና ቀሪውን በእግራችሁ ሂዱት።