ለዘማች ባለቤት የምናደርገው ሰደቃ ነው ወይስ ዕዳ?

ወታደር ወደ ግዳጅ ሲጠራ በክብር ይሸኛል። ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ ሲመለስም እልልታ ይጠብቀዋል። በዚያው ዕለት ግን ሳይነገርላት ወደ ግዳጅ የምትገባ ሌላ ሰው አለች፤ እርሷም ሚስቱ ናት። የማለችው መሐላ፣ የለበሰችው የደንብ ልብስ የለም። ቢሆንም ቤቱን ብቻዋን ታስተዳድራለች፣ ለልጆቹ እናትም አባትም ትሆናለች፣ ባሏ በተዛወረ ቁጥር የጀመረችውን ሥራ ጥላ ጓዟን ትሸክፋለች። ጎረቤት ዱቄትና ዘይት ይዞ ደጇን ሲያንኳኳ ግን «ሰደቃ አመጣንልሽ» ይላታል። ውድ አንባቢ! ይህ በእርግጥ ሰደቃ ነውን? ወይስ ሳይከፈል የቆየ ዕዳ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰደቃ በሰጪው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ቢሰጥ ይመሰገናል፣ ባይሰጥ የሚከሰው የለም። ዕዳ ግን የተቀባዩ ሐቅ ነው። ባለ ሐቁ አንገቱን ሳይደፋ ይጠይቃል፤ ከፋዩም ስለከፈለ ምስጋና አይጠብቅም።

«ሰደቃ ነው» የሚሉ ወገኖች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ወታደሩ ደመወዝተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ሴቲቱ ወታደር ያገባችው ወዳና ፈቅዳ ነው። ሁለቱም ሐሳቦች እውነትነት አላቸው፤ ግን በቂ አይደሉም። ደመወዙ የእርሱ ድካም ዋጋ ነው፤ እርሷ ያጣችው ሥራና የባከነው ሙያዋ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም። ወዳ ማግባቷም ቢሆን ሸክሙን የተሸከመችለት ሕዝብ ከጥቅሙ እየተካፈለ ከዋጋው እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም። ዘበኛውም በፈቃዱ ይቀጠራል፤ ስለዚህ አይከፈለው የሚል ግን የለም።

የአሜሪካን ሁኔታ እንመልከት። ለጦር ኃይሏ ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ ገንዘብ የምታወጣው ይህች አገር ወታደሮቿን በአብዛኛው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከቦታ ወደ ቦታ ታዛውራለች። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት፣ በሥራ ገበያው ውስጥ ካሉት የወታደር የትዳር ጓደኞች 21 ከመቶ የሚሆኑት ሥራ አጥ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ አማካይ የሥራ አጥነት መጠን ግን ከ5 ከመቶ ብዙም አይርቅም ነበር። ይህ የሆነው ሴቶቹ ሰንፈው አይደለም። ነርሷ ወይም መምህርቷ በአንዱ ክፍለ ግዛት ያገኘችው የሙያ ፈቃድ በሌላው አያሠራትም ነበር፤ ቀጣሪው «ነገ ትሄዳለች» ብሎ ይሰጋል፤ ልጅ የሚይዝላትም ሰው በአዲሱ ሰፈር የለም። ከ2009 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ያ ሠራዊት ዜግነት የሌላቸውን ሰዎች በቋንቋ ችሎታቸው ሲመለምል፣ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ስለዚህ እናትና ጎረቤት፣ ዕድርና ዕቁብ በሌለበት ምድር ባሏን የምትጠብቀው ሴት የእኛም እህት ልትሆን ትችላለች።

በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በዚያች አገር በወጣው ሕግ ግን፣ በዝውውር ምክንያት ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የምትሄድ የወታደር ባለቤት፣ ከጥብቅና ፈቃድ በስተቀር፣ የሙያ ፈቃዷ የተወሰኑ ሁኔታዎችን ካሟላ አብሯት እንዲሄድ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ሕጉ ለማንም ስጦታ አልሰጠም፤ ራሱ መንግሥት በመንገዷ ላይ ያስቀመጠውን ድንጋይ አነሣ እንጂ። ድንጋዩን ያስቀመጠ ሲያነሣው ዕዳ ከፈለ ይባላል እንጂ ቸር አይባልም።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ከባሏ ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ ለዓመታት የኖረች፣ ልጇን ዐብደላህንም በዚሁ አገር የወለደች ሴት ናት። በ628 እ.ኤ.አ. መዲና ስትገባ ዑመር (ረ.ዐ) በሂጅራ እንደቀደሟቸው ቢነግራት ዝም አላለችም። እነርሱ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሆነው የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ ስደተኞቹ በሩቅ አገር የከፈሉትን ዋጋ ገልጻ ተከራከረች፤ ጉዳዩንም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። ፍርዱም እርሷና የመርከቡ ጓዶቿ የሁለት ሂጅራ ባለቤቶች ናቸው የሚል ሆነ። በሩቅ የተከፈለ ዋጋ በስሟ ተመዘገበላት ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ629 እ.ኤ.አ.፣ ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ተሰዋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዘኑን ሊነግሯት ሲመጡ አስማእ ቆዳ አልፍታ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባ ነበር ያገኟት። የዘማች ሚስት እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ባለ ሙያ ነበረች። ያን ቀን የታዘዘውም ሐዘኑ ለጃዕፈር ቤተሰብ ፋታ ስለማይሰጥ ምግብ እንዲሠራላቸው ነው። ስለ ልጆቿም አባት ማጣት ስታነሣ፣ ከእንግዲህ አሳዳጊያቸው እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ገለጹላት። ምግቡ ለሐዘኑ ቀናት፣ ኃላፊነቱ ግን ለዘለቄታው ነበር።

ኋላም ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆነው በሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ የዘመተባት ሴት በናፍቆት ስታንጎራጉር ሰሙ። «ታገሺ» ብለው አላለፉም። ሴት ከባሏ ተለይታ ምን ያህል መቆየት እንደምትችል ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጠየቁ፤ የዘመቻውንም ጊዜ በዚያ ልክ ወሰኑ። ዘገባዎቹ አራት ወይም ስድስት ወር ይላሉ። ሶብር ታላቅ ዒባዳ ነው። ሆኖም ሸክሙን የጫነው ወገን ሌላውን «ሶብር አድርጊ» እያለ የራሱን ድርሻ የሚሸሽበት ሰበብ ሊሆን አይገባም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ጦርነቱ ፍትሐዊ ባይሆንስ? የላከው መንግሥትስ ቢወድቅስ? በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየቤታቸው ተሸኙ። በካምፕ ይኖሩ የነበሩ ሚስቶችና ልጆች መጠለያቸውንና ቀለባቸውን አጡ። ባሏን የላከው መንግሥት የለም፤ አዲሱ «የእኔ ዕዳ አይደለም» ይላል። ታዲያ ሴቲቱ ሐቋን ማንን ትጠይቅ? የጦርነቱ ፍርድ በወሰኑት ላይ ነው፤ ውሳኔው ላይ ያልነበረችው ሴት ጉሮሮ ላይ ሊያርፍ አይገባም። መንግሥት ያልከፈለውን ደግሞ ጎረቤትና ጀመዓ ይወርሰዋል። እንደ ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ አንዱ ከተወጣው ከሌላው ላይ ይነሣል፣ ሁሉም ከተወው ሁሉም ይጠየቃል።

ዕዳ መሆኑን ካመንን አከፋፈላችንም ይለወጣል። የዱቄት ጆንያ ለሳምንት ይበቃል። ሥራ ለመቀጠር ዋስ ስትጠየቅ ዋስ መሆን፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ልጇን መያዝ፣ የምትጋግረውን እንጀራ ሳይከራከሩ በዋጋው መግዛት፣ ወደ ዕቁቡ ማስገባት፣ ለአዲስ መጪዋ ቀጣሪ ማፈላለግ ግን ዓመታትን ያሻግራል። የዘማችን ቤተሰብ በመልካም የጠበቀ ሰው የምንዳው ተካፋይ መሆኑን ሐዲስ ያስተምረናል። ይህም የደጅ ጥበቃው ከግንባሩ ተነጥሎ እንደማይታይ ያሳያል።

እንግዲህ በየሰፈራችን ባሏን የምትጠብቅ ሴት ካለች፣ ደጇን ስናንኳኳ እንደ ቸር ሳይሆን እንደ ባለ ዕዳ እናንኳኳ። አላህ (ሱ.ወ) የሰዎችን ሐቅ ተሸክመው ከሚቀርቡት አያድርገን። አሚን።