አርባ ቀን ሳይሞላው

ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው የሚባለው? ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ አራት መልስ አለ፤ አራቱም የሚነገሩት በቁጥር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የቆየን ሕፃን የመኖር አቅም እንደነበረው ይቆጥረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ተነሥቶ «አልነበረውም» የሚል ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም። ሙስሊሙ ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣል፣ አቂቃ ያርዳል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ታጠምቃለች፤ መምህራኑም ቁጥሩን አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ገቡበት ብሎ መጽሐፈ ኩፋሌ ከሚተርከው ቀን ጋር ያያይዙታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ደግሞ ልደትን ለማስመዝገብ 90 ቀን ፈቅዷል።

ትልቅ ሰው እነዚህን ቀኖች ሳያስተውላቸው ያልፋል። አንድ ሕፃን ግን ሙሉ ዕድሜውን በመካከላቸው ሊጨርስ ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከ30 አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክርስትና ሳይነሡ፣ ቀበሌም ሳያውቃቸው ነው የሚሄዱት። በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች እናቶችንና አያቶችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ሕፃን ብዙ ጊዜ በጓሮ እንደሚቀበር ጽፈዋል። ፍትሐት የለም። የእድር ጥሩንባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ ደራሽም እንደ ወጉ አይመጣም። እናቲቱንም «እግዜር ሌላ ይስጥሽ» ብለው ወደ ሥራዋ ይመልሷታል።

እዚህ ላይ ሃይማኖቶቹን በጭካኔ መክሰስ ይቀላል፤ ክሱ ግን ትክክል አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው አርባውን ሳትጠብቅ እንዲጠመቅ ትፈቅዳለች። በእስልምና ሕግ ደግሞ ሲወለድ አንዲት ጩኸት ያሰማ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ቢሞት እንኳ ስም ይሰጠዋል፣ ይሰገድበታል፣ ከሟች ዘመዱም ይወርሳል። ስም ለማውጣት መቆየቱም ቢሆን ከንቀት የመጣ አይመስልም። ሕፃን እንደ አበባ በሚረግፍበት አገር፣ ልብን ቶሎ አለመስጠት እናት ራሷን የምታተርፍበት ዘዴ ነበር። አርባ ቀን መጠበቅ የሚችል ሰው ሐዘንም መጠበቅ ይችላል።

መዝገብ ግን የሚሰበር ልብ የለውም፤ ስለዚህ የሚጠብቅበት ምክንያትም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም በዚህ ረገድ ከኢስላም ሊቃውንት ፍርድ ጋር ይቀራረባል፤ ከእናቱ ማሕፀን ወጥቶ አንዴ የተነፈሰ፣ ልቡ አንዴ የመታ ሁሉ በሕይወት ተወልዷል፤ ቢሞትም ሞቱ ሞት ተብሎ ይቆጠራል። «የሞተውን ሕፃን መጻፍ ለማን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ያልተጻፈ ሞት ከውጭ ሲታይ ጤና እንደሚመስል ይዘነጋል። አዋላጅ የሌለው፣ ሕፃናቱን በጓሮ የሚቀብር ቀበሌ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ አንድም የሞተ የለበትማ! አዋላጅ ያለበትና ሞትን በታማኝነት የሚጽፈው ጎረቤቱ ደግሞ በስብሰባ ላይ ይወቀሳል።

ለነገሩ ኢትዮጵያውያን ሙታን ሕፃናቶቻቸውን ጨርሰው ሳይጽፉ ቀርተው አያውቁም። የጻፏቸው በሕያዋኑ ላይ ነው። ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ፣ ተረፈ የሚባል ሰው ሲያጋጥም፣ ከእርሱ በፊት ስሙ የማይጠራ አንድ ልጅ እንደነበረ መገመት ይቻላል። ምትኩ የማን ምትክ ነው? ማስረሻስ ምን ለማስረሳት ተወለደ? የታናሹ ስም የታላቁ የሞት ምስክር ወረቀት ሆኖ ዕድሜ ልኩን ይጠራል፤ ቀንና ምክንያት የሌለው ወረቀት ይሁን እንጂ።

ፊደል የቆጠረው ቤትም የራሱ መዝገብ ነበረው። ልጅ ሲወለድ ዕለቱን በዳዊት ባዶ ገጽ ወይም ኅዳግ ላይ ማስፈር የቆየ ልማድ ነው። ገዳማትና አድባራት ርስትና ጉልታቸውን በወርቀ ወንጌል ላይ ያስጽፉ ነበር፤ በወንጌል ላይ የሚዋሽ የለም ተብሎ ስለሚታመን። በጥንት ብራናዎችና በክታቦች ላይ ግን ሌላም ነገር ይታያል። ጸሎቱ «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ» ካለ በኋላ የባለቤቱ ስም ይገባል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል። አንዳንዱ ላይ የፊተኛው ስም ጥላ ከሥሩ ይታያል። በአንድ ባህል ውስጥ አንዱ እጅ መዝገብን የማይዋሽበት ቅዱስ ነገር አድርጎ ይይዘዋል፣ ሌላው እጅ ይፍቀዋል።

መንግሥትም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የ1952ቱ ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በርካታ አንቀጾች ካሰናዳ በኋላ፣ በመጨረሻ በቁጥር 3361 ሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ እነዚያው አንቀጾች ሥራ ላይ እንዳይውሉ አገዳቸው። ትእዛዙ ሳይወጣ ዓሥርት ዓመታት አለፉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው ሦስቱ ብቻ መሆናቸውን አገኘ።

እስከዚያ ድረስ ዕድሜ የሚለካው በክፉ ቀን፣ በኅዳር በሽታ፣ በጣሊያን ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤት ለመግባት ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል፤ ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ክንደ አጭሩ ለከርሞ ይመለሳል። ይህ ዛሬ ያስቃል። ይሁንና ፍርድ ቤት የተከሳሽን ወይም የተዳረች ልጅን ዕድሜ ለማወቅ ወደ ሐኪም ሲልክ የእጅ አንጓ አጥንት በራጅ ይታያል፤ ራጅም ቢሆን 17ን ከ18 በእርግጠኝነት አይለይም። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ሲል፣ የወንጀል ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ተጠያቂ አላደርግም ሲል፣ ሁለቱም የሚተማመኑት ባልተጻፈ ቀን ላይ ነው።

ያልተጻፈ ቀን ደግሞ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ወደ ዓረብ አገር የምትላከው ልጅ በአንድ ሌሊት ሦስት ዓመት ታድጋለች፤ ጡረታ የፈራው ሠራተኛ በሦስት ዓመት ያንሳል። በስደት አሜሪካ የገቡ ብዙዎች ጃንዋሪ 1 «ተወልደዋል»፤ ፎርም የሚሞላው ሰው ባዶ ቦታ አይወድማ። ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከልም በግምት በተጻፈ የልደት ዓመት የተነሣ ከጡረታ ጋር የተቸገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከሁሉም የሚከፋው የጉዲፈቻው ታሪክ ነው። ፓርላማው በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን ከመከልከሉ በፊት፣ እናት አባታቸው በሕይወት እያሉ ወላጅ አልባ ተብለው የተጻፉ ልጆች እንደነበሩ ተጋልጧል። የእነዚህ ልጆች ችግር አለመጻፍ አልነበረም። ተጽፈዋል፣ ማኅተምም ተመቶበታል፤ የወረቀቱ ሐሰት ግን ሕያው እናትን ገድሏል።

እንግዲህ እውነቱ ይጻፍ። ከተጻፈ በኋላ ግን ማን ያንብበው?

እዚህ ላይ የአገሩ ሰው ከሕግ አውጪዎች ቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር ሰው ዛሬም ብዙ ነው። በአውደ ነገሥት ኮከብ የሚቆጥር ደብተራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ካገኘ ዕጣውን ያውቃል፣ ክፉ ከሆነም መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። የተማረው በዚህ ይስቃል። ያው ሰው ባንክ ሄዶ ሒሳብ ሲከፍት ግን የሚጠየቀው የእናቱን ስም ነው፤ ስልክ ተደውሎ «እናትዎ ማን ይባላሉ?» ሲባልም ለማያውቀው ሰው እንዳይናገር ይመከራል። ስምን ከእናት ስም ጋር አጣምሮ የያዘ ሰው ባለቤቱ ላይ ሥልጣን እንዳለው ደብተራውም ባንኩም ተስማምተዋል። ያ የተደበቀ የክርስትና ስም በአደባባይ የሚጠራው በፍትሐቱ ዕለት ነው።

እድርም የራሱን ድንበር አበጅቷል። መዝገቡ ማን እንደሞተና ማን እንደከፈለ ይጽፋል፤ ለቀብር ያልወጣውንም ለቅጣት ይመዘግባል። በምን እንደሞተ ግን አይጠይቅም።

የሞትን ምክንያት ማወቅ የፈለጉት ተመራማሪዎች ናቸው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት፣ በሙስሊም መቃብሮችና በማዘጋጃ ቤት የቀብር ቦታዎች እያንዳንዱን ቀብር ማስመዝገብ ጀመሩ። ኤች አይ ቪ ሰውን በሚጨርስበት በዚያ ዘመን የመቃብር ጠባቂውን «ኤድስ ነው» ብሎ የሚያስጽፍ ቤተሰብ ጥቂት ነበር፤ «ሳንባ» ይባላል። ተመራማሪዎቹ ቤተሰቡን ውሸታም አላሉትም። ከቀብሮቹ ጥቂቱን መርጠው ወደ ቤት እየሄዱ ስለ ሕመሙ ምልክቶች በእርጋታ ይጠይቁ ነበር፤ «ሳንባ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለውን በጥቅሉ አሰሉ እንጂ የማንንም ስም አላወጡም። ነጻው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሲዳረስ በከተማዋ የጎልማሶች ሞት መቀነሱ የታየው በዚህ የመቃብር መዝገብ ነው። ለዚህ ግኝት የአንድንም ሟች ስም ይፋ ማውጣት አላስፈለገም፤ ሟቾቹ መቆጠራቸው ግን የግድ ነበር።

የተቃራኒውን ምሳሌ የሚፈልግ ወደ ሆላንድ ይሂድ። አገሪቱ ከናፖሊዮን ዘመን ጀምሮ ሰዎቿን እያንዳንዳቸውን አጥርታ ትመዘግብ ነበር፤ መዝገቡም የሃይማኖት ዓምድ ነበረው። ናዚዎች ሲገቡ ይህ የተጣራ መዝገብ አይሁዶችን ቤት ለቤት ለመልቀም አገለገላቸው። መጋቢት 18 ቀን 1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1943) ፖሊስ መስለው የገቡ አርበኞች የአምስተርዳምን የሕዝብ መዝገብ ቤት አቃጠሉ፤ እሳት አደጋዎቹም እንዳይፈጥኑ ተጠንቅቀው፣ ሲደርሱ ደግሞ ከእሳቱ የተረፈውን ወረቀት በውኃ አጥለቀለቁት ይባላል። ከአርበኞቹ 12ቱ ተረሸኑ። መዝገቡ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ከሆላንድ አይሁዶች ከ100,000 በላይ አለቁ። ለዘመናት የታመነ ጸሐፊ ሥራ በሌላ ጌታ እጅ ሲገባ እንዲህ ይሆናል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ለዓመታት የቆየውን «ብሔር» የሚል መስመር ሳያስታውስ አይቀርም። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ይህን ዓምድ አልያዘም፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሁለቱም ደግ ጅማሬ ናቸው። ይሁንና ሕግ የሚጣሰው መዝገቡን የያዘው ሰው ከሚያውቀው ሰው ጋር ቡና ሲጠጣ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአዋጁ ይልቅ የነፍስ አባት ምሳሌ ይቀርባል። የነፍስ አባት የንስሐ ልጆቹን ቤት ልደት፣ ሞትና ገመና ያውቃል፤ በመንደሩ ከእርሱ የተሟላ መዝገብ ያለው ሰው የለም። አውቆ ዝም ይላል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሲሞት መዝገቡ አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ የሚመዘግበው ሰው ከነፍስ አባቱ ዝምታውን፣ ከወርቀ ወንጌል ጸሐፊ እውነቱን ቢወስድ፣ ቀሪው የክፍፍል ጉዳይ ነው። ጤና ቢሮ ምክንያቱንና ቁጥሩን ይውሰድ፣ ስሙን ይተወው። ወራሽ የሞቱን ቀን ይወቅ፣ ምክንያቱን ለማወቅ ግን የሟቹ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይኑረው። ጎረቤት ለለቅሶው ይበቃዋል።

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስለቆጠረ 70,000 ሰው በቸነፈር እንዳለቀ የሚያውቅ ምእመን፣ «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ሲባል የሚያመነታው ያለ ምክንያት አይደለም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ይህን ማመንታት የሚያውቀው ይመስላል። እናቲቱ በሕይወት ተወልዶ የሞተ ልጅ እንዳላት ተጠይቃ «የለኝም» ካለች፣ ጠያቂዋ ገጹን እንድትገለብጥ አይፈቀድላትም። ደግማ እንድትጠይቅ ታዝዛለች፤ አልቅሶ ወይም የሕይወት ምልክት አሳይቶ ለአጭር ጊዜ ብቻ የቆየም ቢሆን?

አንዲት እናት ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄም ራሷን ነቅንቃ «የለም» ትል ይሆናል። ከዚያም ወደ ጓዳ ዞር ብላ «ምትኩ! ለእንግዳዋ በርጩማ አምጣ» ትላለች።