ትእዛዝ ያለ ታዛዥ፦ የአሜሪካ የኮንፌዴሬሽን አንቀጾችና የ1787ቱ ሕገ መንግሥት

መንግሥት ደካማ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሥልጣን ማነስ ነው። ይሁንና 13ቱ የአሜሪካ ግዛቶች ከእንግሊዝ ጋር እየተዋጉ ያቆሙት የመጀመሪያው ማዕከላዊ መንግሥት ጦርነት የማወጅ፣ ሰላም የመዋዋል፣ አምባሳደር የመሾም፣ ገንዘብ የመበደርና እያንዳንዱ ግዛት የሚያዋጣውን የወታደር ቁጥር የመወሰን ሥልጣን በጽሑፍ ተሰጥቶት ነበር፤ ይህን ሁሉ ይዞም ስምንት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1789 ቦታውን ለሌላ ሥርዓት ለቀቀ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሥልጣኑ ብዛት ወይም ማነስ ይልቅ፣ ሥልጣኑ በማን ላይ ነበር የሚለው ጥያቄ የድክመቱን ምንጭ በተሻለ ይገልጣል።

“የኮንፌዴሬሽን አንቀጾች” የተባለው ሰነድ በኖቬምበር 1777 በግዛቶቹ የተወካዮች ጉባኤ፣ በኮንግረሱ፣ ቢጸድቅም፣ ሜሪላንድ ሌሎች ግዛቶች በምዕራብ በኩል ይገባናል የሚሉትን ሰፊ መሬት እስኪለቁ አልፈርምም በማለቷ ሥራ ላይ የዋለው ማርች 1 ቀን 1781 ነው። ኮንፌዴሬሽን ማለት ነጻ መንግሥታት ሉዓላዊነታቸውን፣ ማለትም በገዛ ጉዳያቸው የመጨረሻውን ቃል የመናገር መብታቸውን፣ ሳይለቁ ለተወሰነ የጋራ ዓላማ የሚመሠርቱት ማኅበር ነው። በዚህም መሠረት ብዙ ሕዝብ ያላት ቨርጂኒያም ሆነች ትንሿ ዴላዌር በኮንግረሱ ውስጥ አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው፤ ከባድ ጉዳይ ለመወሰን የዘጠኝ ግዛቶች ድምፅ፣ አንቀጾቹን ለማሻሻል ደግሞ የ13ቱም ምክር ቤቶች ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ሕግ የሚያስፈጽም ርዕሰ መንግሥት አልነበረም። ከንጉሥ ቀንበር ገና ያልወጡ ሰዎች ሌላ ጌታ በራሳቸው ላይ ለመሾም አለመቸኮላቸው የሚያስወቅሳቸው አይመስልም።

ኮንግረሱ ግብር መጣል ስለማይችል ለግዛቶቹ የመዋጮ ጥያቄ ይልካል፤ ግዛቶቹም በየምክር ቤታቸው መክረው፣ ከነዋሪው ሰብስበው እንዲያስገቡ ይጠበቃል። ለ1782 ዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆ ዓመቱ ሲያልቅ የገባው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ይህን በግዛቶቹ ክፋት ማሳበብ ይቀላል፤ ነገር ግን መዋጮ ያልከፈለው ከከፈለው እኩል ድንኳንና ቀባሪ የሚያገኝበት ዕድር ብዙ እንደማይዘልቅ ሁሉ፣ ጎረቤቷ እንደምትከፍል ማረጋገጫ የሌላት ግዛት ቀድማ ብትከፍል የምትጎዳው ራሷን ነበር። የኅብረቱ አሠራር ታማኙን ሲቀጣ እምቢተኛውን ይሸልም ነበር።

የዚህ አሠራር ውጤት ጎልቶ የታየው በ1783 መጨረሻ፣ ኮንግረሱ በሜሪላንድ አናፖሊስ ከተማ በተቀመጠበት ክረምት ነው። ነጻነትን ያረጋገጠው የፓሪስ የሰላም ውል ሴፕቴምበር 3 ቀን ተፈርሞ በስድስት ወር ውስጥ የጸደቀው ቅጂ ከእንግሊዝ ጋር መለዋወጥ ነበረበት፤ ውልን ለማጽደቅ ደግሞ የዘጠኝ ግዛቶች ተወካዮች መገኘት ግድ ነው። ስምንት ዓመት ያህል ደም የፈሰሰበትን ድል በፊርማ ለመዝጋት ሳምንታት ሙሉ ምልዓተ ጉባኤ ጠፍቶ፣ በስፍራው የነበሩት ተወካዮች የቀሩትን በደብዳቤ ሲማጸኑ ከርመው፣ ውሉ የጸደቀው ጃንዋሪ 14 ቀን 1784 ነው። ሰነዱን አትላንቲክን አሻግሮ በቀነ ገደቡ ለማድረስ ያ ቀን እጅግ የዘገየ ነበር። የትኛውም ግዛት ሰላሙን አልተቃወመም፤ መቅረት ግን ምንም አያስከፍልም ነበር።

መዳኛ ተፈልጎ አልታጣም። በ1781 ኮንግረሱ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ እንዲጥል ይፈቀድለት ዘንድ ጠየቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ በማለቷ ሐሳቡ ወደቀ። በ1783 ተሻሽሎ የቀረበው ሁለተኛው የቀረጥ ሐሳብም በ1786 በኒው ዮርክ እጅ ቀረ፤ ኒው ዮርክ ከወደቧ የምትሰበስበውን ቀረጥ ለማጋራት የሚያስገድዳት ምክንያት አልነበራትም። የሁሉም ፈቃድ ይጠየቅ የሚለው መርህ በመጀመሪያ ሲታይ ለነጻነት የተሰጠ ከፍተኛ ክብር ይመስላል፤ በተግባር ግን 12ቱ በአንዷ ፈቃድ እንዲተዳደሩ ያደርጋል። ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ደጋፊዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ማዲሰን በኋላ ለሕገ መንግሥቱ ለመከራከር በታተሙት የፌዴራሊስት ጽሑፎች በቁጥር 40 እንዳሰላው፣ ከአገሩ ሕዝብ 60ኛውን እጅ የያዘ ወገን የተቀረውን ሁሉ ማስቆም ይችል ነበር።

የተለመደው ምርመራ ኮንግረሱ የጎደለው ማስፈጸሚያ ኃይል ነው ይላል፤ ይህ ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከቶማስ ሆብስ ጀምሮ የሚታወቅ መልስ ነው። አሌክሳንደር ሀሚልተን በዲሴምበር 1787 ባወጣው የፌዴራሊስት 15ኛ ጽሑፍ ግን ከዚህ ጠልቆ ሄዷል። የሥርዓቱ ዋና ሕመም ሕግ የሚወጣው ለግለሰቦች ሳይሆን በአካልነታቸው ለግዛቶች መሆኑ ነው ይላል፤ ቅጣት የሌለው ሕግ ምክር ብቻ ነውና። ግዛትን ግን እንዴት መቅጣት ይቻላል? ግዛት አይታሰርም፤ ሊገደድ የሚችለው ሠራዊት ተልኮበት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ፍትሕ መሆኑ ቀርቶ የእርስ በርስ ጦርነት ይሆናል። ስለዚህ ለኮንግረሱ ሰይፍ ቢጨመርለት ኖሮ እንኳ ሕመሙ ይባባስ እንጂ አይድንም ነበር። ይህ ሐሳብ የዘመኑ የፖለቲካ አስተሳሰብ ካፈራቸው ሁሉ እጅግ ስለታሙ ይመስላል።

በ1786 የማሳቹሴትስ ገበሬዎች በዕዳና በግብር ተማርረው በዳንኤል ሼይስና በሌሎች መሪነት ሲነሡ ኮንግረሱ ያዘዘው ጦር ገንዘብ ስላጣ የረባ ነገር አላደረገም፤ ግዛቲቱ በቦስተን ነጋዴዎች የግል መዋጮ ሠራዊት አሰማራች፤ በጃንዋሪ 1787ም በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ደጃፍ የግዛቲቱ ሚሊሻ በመድፍ አራት ዓመፀኞችን ገደለ። ዓመፁ የፈጠረው ፍርሃት አንቀጾቹን ለማሻሻል በፊላደልፊያ ለታቀደው ጉባኤ ጉልበት ሰጠው።

ጉባኤው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 በጆርጅ ዋሽንግተን ሊቀ መንበርነት፣ በር ዘግቶ መከረ። ኮንግረሱ የፈቀደለት አንቀጾቹን ማሻሻል ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን አንቀጾቹን ወዲያ አኑሮ አዲስ ሰነድ ጻፈ፤ ዘላለማዊ የተባለውን ኅብረት ለመለወጥ የ13ቱ ምክር ቤቶች ፈቃድ ሲያስፈልግ፣ በዘጠኝ ግዛቶች፣ ያውም በምክር ቤቶች ምትክ ለዚሁ ሲባል በተመረጡ የሕዝብ ጉባኤዎች፣ እንዲጸድቅ ደነገገ። በነባሩ ሕግ ሚዛን ይህ ሕገ ወጥ ነው። ማዲሰን በፌዴራሊስት ቁጥር 43 ሁለት መከላከያ ያቀርባል፦ የማኅበረሰብ ደኅንነት ከየትኛውም ተቋም ይበልጣል፤ ውልን አንዱ ወገን ሲጥስ ሌሎቹ ነጻ ይወጣሉ። ሁለተኛው ክርክር ከሚፈለገው በላይ ያረጋግጣል፤ ሁሉም ግዛቶች በመዋጮ ጉዳይ ውሉን ጥሰዋልና ሁሉም ነጻ ከሆኑ፣ ሊሻሻል የሚገባ ኅብረት ራሱ አልቀረም ማለት ነው።

የተሻለው መልስ ሀሚልተን በጠቆመው በኩል ይገኛል። ሕጉ እያንዳንዱን ሰው በቀጥታ የሚያዝ ከሆነ፣ የግዛቶች ምክር ቤቶች በሰውየው ስም ሊስማሙለት አይችሉም፤ ታዛዡ ሲለወጥ ፈቃጁም ይለወጣል። በኦገስቱ ረቂቅ ላይ የ13ቱ ግዛቶች ስም በመግቢያው ተዘርዝሮ ነበር፤ የትኞቹ ዘጠኝ እንደሚያጸድቁ ስላልታወቀ የመጨረሻው ጽሑፍ ዝርዝሩን አስወግዶ በአንድ የጋራ ሕዝብ ስም ተናገረ። ሕገ መንግሥቱን የተቃወመው ፓትሪክ ሄንሪ በቨርጂኒያ የማጽደቂያ ጉባኤ ይህን ለማለት ማን ፈቀደላቸው ብሎ አጥብቆ ጠየቀ፤ ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ያ ሕዝብ ስሙ ሲጠራ ገና አልነበረምና። ጁን 21 ቀን 1788፣ ኒው ሃምፕሻየር ዘጠነኛ ሆና በ57 ለ47 ድምፅ ስታጸድቅ ነው የተፈጠረው።

ይህ ሕዝብ ማንን ይጨምር ነበር? በ1790 ቆጠራ ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ ባሮች ነበሩ፤ እነርሱ ሳይጠየቁ፣ እያንዳንዳቸው ለውክልና ስሌት ሦስት አምስተኛ ሆነው የጌቶቻቸውን ድምፅ አበዙ። ሕግ ግለሰብ ዘንድ መድረሱ የተመሰገነውን ያህል፣ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ ከደረሰባቸው ቀዳሚ ሰዎች መካከል በ1793ቱ ሕግ እየተያዙ የሚመለሱት ኮብላይ ባሮች ይገኙበታል። ለግዛቶች ብቻ የሚናገረው ደካማው ኮንግረስ እጁ እነርሱ ዘንድ አይደርስም ነበር።

ያለ እያንዳንዷ ግዛት ፈቃድ አይሆንም የሚለው አሮጌው መርህም ፈጽሞ አልጠፋም። አዲሱ ሕገ መንግሥት በአምስተኛው አንቀጹ የትኛዋም ግዛት ያለ ፈቃዷ በሴኔት ያላትን እኩል ድምፅ አታጣም ብሎ ደንግጓል፤ በዚህም ምክንያት በ2020 ቆጠራ 39.5 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ካሊፎርኒያና 577 ሺህ ያህል የነበራት ዋዮሚንግ እስከ ዛሬ ሁለት ሁለት ሴናተር ይልካሉ።