የዓይን ምስክርና ያልታወቀው ብርሃን

የአሜሪካ አየር ኃይል «ብሉ ቡክ» በተባለው ምርመራው እስከ እ.ኤ.አ. 1969 ድረስ በሰማይ ስለታዩ ያልታወቁ ብርሃኖችና በራሪ ነገሮች 12,618 ጥቆማዎችን መዝግቦ፣ የ701ዱን ምንነት ሳይለይ ፋይሉን ዘጋ። እነዚህን ይዞ «እንግዲያው ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው» ማለት ካለማወቅ እውቀት መፍጠር ነው፤ መርማሪው ማስረጃ ስላጠረው ስለ ብርሃኑ አንዳች ነገር ታወቀ አይባልም። «ታዲያ ያየው ሰው ዋሸ?» የሚል ይኖራል። አልዋሸም። በጨለማ ውስጥ መነጻጸሪያ የሌለውን ብርሃን ርቀትም ሆነ መጠን ዓይን አይለካም፤ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ እንኳ መኪና የሚነዳን ሰው የምትከተል ትመስላለች። ስለዚህ ማየቱን እንመን፣ ትርጓሜውን እንመርምር። መርማሪውም ግን ከጥያቄ አያመልጥም፤ የምርመራው አማካሪ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ አለን ሃይኔክ፣ ሲጀምር ተጠራጣሪ የነበረ ሰው፣ ኋላ ላይ የአየር ኃይሉን አሠራር አጥብቆ ተችቷል። ምስክሩን በወጉ ሳይጠይቁ «ፊኛ ነው» ብሎ መደምደምም ያው ጭፍን እምነት ነው። 701ዱ አልታወቁም፤ ማስረጃ እስኪገኝ በዚያው ይቆዩ።